ጋምቤላ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ሣጥን ስለ ማቆምና ስለ መጠበቅ

(ለማኅበሩ አባሎች የተደረገ ንግግር)



በቤቱ ውስጥ ትልቅ የዓሣ ሣጥን ለማቆም የሚያስብ ሰው ሐሳቡን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሥዕል ነው። ሥዕሉም በአብዛኛው የባሕር ሥዕል ነው፤ ቀይና ሐምራዊ ኮራል፣ በኮራሉ መካከል የሚሹለከለኩ ቢጫና ሰማያዊ ዓሦች፣ ከታች ነጭ አሸዋ፣ ከላይ ብርቱ መብራት። ሰውየው የጋምቤላ ከተማ ነዋሪ ቢሆንም ሥዕሉ አይለወጥም። ከደጁ ባሮ ይፈስሳል፤ እርሱ ግን የሚያልመው ስለ ቀይ ባሕር ነው። ይህ ንግግር የተሰናዳው ሕልሙን ለመንቀፍ ሳይሆን ዋጋውን በሊትር፣ በኪሎና በሰዓት ለመተመን ነው። ትመናው ካለቀ በኋላ ግን ከዚያው ከባሮ የሚቀዳ ሌላ ሣጥን ይቀርባል።

የውኃን ፍጥረት በመስተዋት ቤት አኑሮ መመልከት በዛሬው መልኩ ሁለት መቶ ዓመት አልሞላውም። እ.ኤ.አ. በ1832 ዣን ቪልፕሩ ፓወር የተባለች ፈረንሳዊት በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ተቀምጣ፣ አርጎናውት የተባለው የባሕር እንስሳ ዛጎሉን ራሱ ይሠራ ወይም ከሌላ ይቀማ እንደ ሆነ ለማወቅ የመስተዋት ሣጥን አሠራች፤ ዛጎሉ የራሱ የእንስሳው ሥራ መሆኑንም አረጋገጠች። እ.ኤ.አ. በ1850 ደግሞ ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ዓሣን፣ የውኃ ተክልንና ቀንድ አውጣን በአንድ ዕቃ በማኖር፣ አንዱ ለሌላው አየርና ምግብ እየሰጠ ውኃው ሳይበላሽ ለብዙ ጊዜ መቆየቱን በጽሑፍ አሳወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ የለንደን የእንስሳት ማኖሪያ የመጀመሪያውን የሕዝብ የዓሣ ቤት ከፈተ። የኮራል ሣጥን ግን ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል አስቸግሯል። ዓሣው ሲኖር ኮራሉ ይሞት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 በኢንዶኔዥያ፣ በጃካርታ ይኖር የነበረው ሊ ቺን ኤንግ ከባሕር ውስጥ ድንጋዩን ከነተጣበቀበት ፍጥረት አምጥቶ በሣጥኑ ከመደርደርና የአየር አረፋ ከማስነሣት በቀር ብዙ መሣሪያ ሳይጠቀም ኮራልን በሕይወት ማቆየቱን ገለጸ። ምስጢሩ ያለው ከድንጋዩ ላይ ሳይሆን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ በዓይን የማይታዩት ፍጥረታት ዘንድ ነበር። ወደ እነርሱ ከጥቂት በኋላ እንመለሳለን።

በመጀመሪያ ግን ሚዛኑ ይቅደም። ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 80 ሳንቲሜትር፣ የውኃው ከፍታ 60 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን 960 ሊትር ይይዛል። ይህ ማለት መስተዋቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሳይቆጠሩ ውኃው ብቻ አሥር ኩንታል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። በፊት ለፊቱ መስተዋት ላይ የሚያርፈው ግፊት በድምሩ ወደ 360 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ መስተዋቱ ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ውፍረት እንዲኖረው፣ ከላይም በማገር እንዲታሰር የሚፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ጭነት በእንጨት ወለል ላይ ማሳረፍ ድፍረት ነው። ከመሬት በተነሣ የድንጋይ ወይም የብሎኬት መደብ ላይ፣ በመደቡና በመስተዋቱ መካከል እኩል የሆነ ለስላሳ ንጣፍ ተደርጎ፣ በውኃ ልክ ተለክቶ መቀመጥ አለበት። አንድ ጥግ በግማሽ ሳንቲሜትር ብትዘቅጥ የሲሊኮኑ መጋጠሚያ ዛሬ ባይሆን ከወራት በኋላ ይናገራል። በሥራው ልምድ ያለው ሰው ሣጥኑን ሞልቶ ዓሣ ሳያስገባ ቢያንስ አንድ ሳምንት ያስቀምጠዋል፤ ትዕግሥት የሌለው ግን ውኃውን ከምንጣፉ ላይ ይቀዳል።

አሁን ወደማይታዩት ፍጥረታት እንመለስ፤ የማንኛውም ሣጥን፣ የጨውም ሆነ የጨው አልባ፣ ሕይወት በእነርሱ እጅ ነውና። ዓሣ የበላው ምግብ ተፈጭቶ በጉንጩ ስንጥቆች በኩል አሞኒያ ሆኖ ይወጣል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። በወንዝ ውስጥ ብዙው ውኃ ያቀጥነዋል፤ በሣጥን ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። አንድ ወገን ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፤ ይህም መርዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፤ ናይትሬት በመጠኑ ሲሆን ብዙ አይጎዳም፤ ውኃ በመለወጥም ይቀነሳል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በጠጠር፣ በአሸዋና በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ፣ ኦክስጅንም የሚሹ ናቸው። በአዲስ ሣጥን ውስጥ በቂ ሆነው እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። በዚህ ጊዜ ሣጥኑ ንጹሕና ብሩህ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ውስጡ ገዳይ ነው። ጀማሪዎች ዓሣዎቻቸውን የሚቀብሩት በዚህ ወር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር የሚገባው ዓሣ ሳይሆን ጥቂት የሚበሰብስ ምግብ ነው፤ አሞኒያውና ናይትራይቱ ወጥተው ከወረዱ በኋላ ብቻ ዓሣ በጥቂት በጥቂቱ ይገባል።

የአሞኒያ መርዝነት በሁሉም ውኃ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የሙያ ሰዎች ልብ ሊሉት ይገባል። ውኃው አልካላይን በሆነና በሞቀ ቁጥር መርዛማው ክፍል ይበዛል። የባሕር ሣጥን የአሲድነት መለኪያው ከ8 በላይ መሆን ግድ ነው፤ በዚህ ልክና በ28 ዲግሪ ሙቀት ያለው የመርዝ ድርሻ ገለልተኛ በሆነ ውኃ ውስጥ ካለው ከአሥር እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ በአንድ ዓይነት ስሕተት የባሕሩ ሣጥን ይሞታል፤ የወንዙ ሣጥን ይታመማል።

ኮራል ደግሞ የራሱ ጥያቄዎች አሉት። ኮራል ድንጋይ መስሎ የሚታይ እንስሳ ነው፤ በሥጋው ውስጥ ጥቃቅን አልጌዎችን አስጠግቶ እነርሱ በብርሃን ከሚያሰናዱት ምግብ ይቀለባል፤ ቤቱንም ከካልሲየምና ከካርቦኔት ይሠራል። ስለዚህ ብርቱ መብራት፣ በሊትር ከ400 ሚሊ ግራም የማያንስ ካልሲየም፣ የማያቋርጥ የውኃ ሞገድና ከ24 እስከ 27 ዲግሪ የሆነ የጸና ሙቀት ይሻል። ሙቀቱ ከለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ ሳምንታት ከቆየ እነዚያን አልጌዎች ከሥጋው አውጥቶ ይጥላል፤ ይነጣል፤ ሙቀቱ ካልቀነሰለትም በረኃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998ና በ2016 በዓለም ባሕሮች የደረሰው የኮራል መንጣት ይኸው ነው። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ስትሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት የቀን ሙቀቷ 40 ዲግሪን የሚነካበት ጊዜ አለ። ያለ ማቀዝቀዣ የተተወ ሣጥን ከክፍሉ ሙቀት ጋር እየተከተለ ይሄዳል።

ማቀዝቀዣ ውድ መሆኑን የተረዳ ሰው በውኃው ላይ ነፋስ የሚነፋ ቬንትሌተር ያቆማል። ዘዴው የጀበናን ቡና እንደ ማራገብ ያለ ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ሲተን ከ960 ሊትሩ ውስጥ ከግማሽ ዲግሪ በላይ የሚሆን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በደረቁ ወራት ይህ በእርግጥ ይረዳል፤ በክረምት አየሩ በእርጥበት ሲሞላ ግን ትነቱ ይደክማል። ሌላም ጣጣ አለው። ውኃው ሲተን ጨው አይተንም። በቀን 10 ሊትር የሚተንበት ሣጥን ለአንድ ሳምንት ሳይጨመርበት ቢቀር በሊትር 35 ግራም የነበረው ጨው ወደ 38 ግራም ይጠጋል። ስለዚህ በየዕለቱ ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ ተለክቶ መጨመር አለበት፤ ባለቤቱ ለሳምንት ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ይህንኑ የሚሠራ፣ እጁ የሚታመን ሰው ማግኘት ግድ ይሆንበታል።

ስለ ጨው ከተነሣ ጋምቤላና ጨው የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ ወንዙ በሚሞላበት ወራት ከሱዳን የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች እስከ ጋምቤላ ይደርሱ ነበር። ቡና ወደ ታች ሲወርድ ጨውና ጨርቅ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ጣቢያው ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ በ1949 ዓ.ም. ተዘጋ። ያ ጨው ግን ለወጥ እንጂ ለኮራል የሚሆን አልነበረም፤ የዛሬውም የአፋር ጨው እንደዚሁ ነው። በባሕር ውኃ ውስጥ ካለው ጨው ከመቶ 85 ያህሉ የገበታ ጨው ቢሆንም፣ ቀሪው ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላውም በልኩ ካልተገኘ ኮራል ቤቱን አይሠራም። የተሟላው የሣጥን ጨው ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ነው። 960 ሊትሩን ለመሙላት 34 ኪሎ ግራም ያህል ያስፈልጋል፤ ከውኃው አንድ አሥረኛው በተለወጠ ቁጥር ደግሞ 3 ኪሎ ከግማሽ ያህል ይጨመራል። ይህ ሁሉ ከአዲስ አበባ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ይደርሳል።

ጨውም ተገኘ፣ ቬንትሌተሩም ሠራ እንበል። የቀረው መብራት ኃይል ነው። ውኃ በሞቀና ጨው በበዛበት ቁጥር የሚሸከመው ኦክስጅን ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ሲይዝ፣ የባሕር ውኃ በ30 ዲግሪ የሚይዘው ከ6 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። ፓምፑ በምሽት ሲቆም ሞገዱ ይቆማል፤ ከላይ አየር አይገባም፤ ዓሣው፣ ኮራሉ፣ አልጌውና ባክቴሪያው ሁሉ በአንድነት ያንኑ ጥቂት ኦክስጅን ይሻማሉ። በዓሣ በተሞላ ሣጥን ውስጥ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ከዚያ በኋላ አንዱ ሬሳ ለሌላው መርዝ እየሆነ የሁለት ዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ያልቃል። ጄኔሬተር ያለው፣ ነዳጅ የማይቸግረው፣ በሌሊትም የሚነሣ ዘበኛ ያለው ሰው ጋምቤላ ላይ የኮራል ሣጥን ማኖር አይሳነውም። ቢሆንም የሚያኖረው ኮራል ሳይሆን ጄኔሬተር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም።

አሁን መስኮቱ ተከፍቶ ወደ ባሮ ይታይ።

በኢትዮጵያ ካሉት የወንዝ ተፋሰሶች ሁሉ በዓሣ ዓይነት የሚበልጠው የባሮና የአኮቦ ተፋሰስ ነው፤ ከ100 በላይ ዓይነት ተመዝግቦበታል። የኢትዮጵያና የሩሲያ የጋራ የሥነ ሕይወት ጥናት ቡድን ለብዙ ዓመታት በአካባቢው ሠርቷል፤ ጎሉብትሶቭና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1995 የጋምቤላን ዓሦች ለመለየት የሚያገለግል መጽሐፍ በአዲስ አበባ አሳትመዋል። ምክንያቱ ወንዙ የነጭ ዓባይ ልጅ መሆኑ ነው፤ በሶባት በኩል ከምዕራቡ አፍሪካ ወንዞች ጋር የሚጋራቸው ዓሦች አሉት፤ እነዚህን ዓሦች ጣና አያውቃቸውም። ከእነዚህም አብዛኞቹ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን የዓሣ ሣጥን ወዳጆች ዘንድ በስም የታወቁና በዋጋ የሚፈለጉ ናቸው። የሚያሳዝነው፣ በጋምቤላ ገበያ በደረቁና በእርጥቡ የሚሸጠውን ዓሣ የሚያውቀው አኙዋክና ኑዌር አጥማጅ ሲሆን፣ የሥነ ሕይወት ትምህርት የሚማረው ተማሪ ግን የዚያኑ ዓሣ ሥዕል ከሌላ አገር መጽሐፍ ላይ መመልከቱ ነው።

የባሮ ዓሦች ለዚህ ጉዳይ የተመረጡበት ዋናው ምክንያት መልካቸው አይደለም፤ መልካቸውማ ከኮራል ዓሦች ጋር ሲወዳደር ጭቃ ነው። ምክንያቱ አተነፋፈሳቸው ነው። በክረምት ባሮ በኢታንግ በኩል ከአልጋው ወጥቶ ሜዳውን ያለብሳል፤ ሣሩ በውኃ ውስጥ ይበሰብሳል፤ ውኃው ይሞቃል፤ ኦክስጅኑም ያልቃል። በሌላ አነጋገር ረግረጉ በየዓመቱ ለወራት ፓምፑ እንደ ቆመበት ሣጥን ይሆናል። በዚህ ውስጥ የኖሩት ዓሦች ከውኃ ሌላ አየር መተንፈስን ከተማሩ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል። አምባዛ ከጉንጩ በላይ የቅርንጫፍ መልክ ያለው መተንፈሻ አለው። ሄቴሮቲስ የተባለው ባለ ትልልቅ ቅርፊት ዓሣ የአየር ከረጢቱን እንደ ሳምባ ይጠቀምበታል። ክቴኖፖማ በራሱ ውስጥ ባለው የተጣጠፈ ክፍል አየር ይይዛል። ሳምባ ዓሣና ፖሊፕቴረስ ደግሞ እውነተኛ ሳምባ አላቸው።

ሳምባ ዓሣ በሳይንስ ስሙ ፕሮቶፕቴረስ ኤቲዮፒከስ ይባላል፤ ሄኬል የተባለው የኦስትሪያ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1851 ከነጭ ዓባይ በተገኘ ናሙና ስም ሲያወጣለት የአገራችንን ስም ይዞ ቀረ፤ እርግጥ በዚያን ጊዜ አነጋገር ኢትዮጵያ የሚለው ስም ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር የሚያጠቃልል ነበር። ይህ ዓሣ ሲያድግ ከሚያስፈልገው ኦክስጅን አብዛኛውን የሚያገኘው ከአየር ስለሆነ፣ ወደ ላይ እንዳይወጣ በመረብ ቢከለከል በውኃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ሣጥኑን እስከ አፉ ሞልቶ በመስተዋት መድፈን ለእርሱ መቃብር ነው።

ፖሊፕቴረስ የበለጠ ታሪክ አለው። ዦፍሯ ሴንት ኢሌር ከናፖሊዮን ጋር ወደ ግብፅ የመጣ ጊዜ ይህንን ዓሣ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ1802 ለዓለም አሳወቀ፤ በጀርባው ላይ እንደ ትንንሽ ባንዲራ የተደረደሩ ክንፎች፣ በገላው ላይ እንደ ብረት ልብስ የጠነከረ ቅርፊት፣ በሆዱም ሳምባ ያለው ፍጥረት ዓሣ ይሁን ሌላ ግራ ያጋባ ነበር። እንቁላሉን አግኝቶ እድገቱን ለማየት ጆን ሳሙኤል በጀት የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ አራት ጊዜ ወደ አፍሪካ ተመላለሰ፤ በመጨረሻ በናይጀር ወንዝ አገኘው፤ ነገር ግን በዚያው ጉዞ በያዘው ሕመም እ.ኤ.አ. በ1904 መጀመሪያ ላይ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ በካናዳ የሚገኙ ተመራማሪዎች የፖሊፕቴረስ ጫጩቶችን ለስምንት ወር በየብስ ላይ አሳድገው፣ በክንፎቻቸው መራመድን ሲያሻሽሉና የትከሻ አጥንታቸውም ሲለወጥ አሳዩ። ይህ ዓሣ ባሮ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ የባሮ ሣጥን እንዲህ ይቆማል። መስተዋቱና መደቡ ያው ከላይ የተነገረው ነው። ውኃው ግን 60 ሳይሆን 50 ሳንቲሜትር ብቻ ይሞላል፤ 800 ሊትር ማለት ነው። የቀረው ባዶ ቦታ የዓሦቹ የአየር ጎተራ ነው። ክዳኑ ነፋስ የሚያስገባ፣ ነገር ግን ከባድና ቀዳዳው ጠባብ መሆን አለበት፤ ፖሊፕቴረስ በሌሊት በጣት ቀዳዳ ሾልኮ ወጥቶ ጠዋት ከአልጋ ሥር ደርቆ የሚገኝ ዓሣ ነውና። ከታች በደንብ የታጠበ የወንዝ አሸዋ፣ በላዩ በውኃ የጠነከረ ጉማጅ፣ ጥላ የሚሰጥ ለስላሳ ድንጋይ ይደረጋል። ብርቱ መብራት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዓሦቹ ይሸሹታል። ማጣሪያው ጠጠርና ስፖንጅ የተሞላ በርሜል፣ ውኃውን በቀስታ የሚያዞር አንድ ትንሽ ፓምፕ ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል? የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ካለበት በሰፊ ዕቃ ተቀድቶ፣ በአየር እየተናጠ ቢያንስ አንድ ቀን ያድራል። ባሮ በክረምት ይደፈርሳልና ቢቀዳም ረግቶ መጠለል አለበት። ለማጥራት የሺፈራው ፍሬ ዱቄት ለመጠጥ ውኃ የታወቀ ዘዴ መሆኑ ትክክል ነው፤ ለዓሣ ሣጥን ግን በውኃው ውስጥ የሚቀረው የፍሬው ቅሪት ስለሚበሰብስ ባክቴሪያውን ያደክማል፤ ባይደረግ ይመረጣል።

ለእንዲህ ያለው ሣጥን የሚስማማው ማኅበር አራት ወይም አምስት ትንሹ ፖሊፕቴረስ (ሴኔጋለስ የሚባለው)፣ ጥቂት ሲኖዶንቲስ፣ ሁለት ሦስት ክቴኖፖማ ነው። ከሲኖዶንቲስ ወገን ባቴንሶዳ የሚባለው ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይዋኛል፤ ልጆች ታመመ ብለው ይጮኻሉ፤ አልታመመም። ሳምባ ዓሣ ግን ብቻውን ይኖራል። ጥርሱ እንደ ጉጠት ነው፤ አጠገቡ ያገኘውን ዓሣ ክንፉን ይቆርጣል፤ የሚመግበውንም እጅ አይምርም። ሲያድግ ከሰው ቁመት ሊስተካከል ስለሚችል የሁለት ሜትሩ ሣጥን የልጅነት ቤቱ ብቻ መሆኑ መታወቅ አለበት። ሄቴሮቲስና ናይል ፐርች ቢያምሩም ለቤት የሚሆኑ አይደሉም። የኤሌክትሪክ አምባዛ ትልቁ እስከ 350 ቮልት ድረስ ሊያነዝር ይችላል፤ ሣጥኑን የሚያጸዳ ሰው ካለ አይገባም። ቴትራኦዶን የተባለው የሚነፋው ዓሣ ሥጋው መርዝ ነው፤ ከጎረቤቱም ጋር አይስማማም።

ስለ ጂምናርከስ ለብቻው ጥቂት ቃል ይገባዋል። ጅራቱ ቀጭን፣ ክንፉ በጀርባው ሙሉ የተዘረጋ፣ ወደ ኋላም ወደ ፊትም እኩል የሚዋኝ ዓሣ ነው። ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሐንስ ሊስማን እ.ኤ.አ. በ1951 ይህ ዓሣ ከጅራቱ ያለማቋረጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት እንደሚያወጣ፣ በሰከንድም 300 ያህል እንደሚሆን ገለጸ፤ ቀጥሎም ዓሣው በደፈረሰ ውኃ ውስጥ መንገዱንና ምግቡን በዚሁ እንደሚያውቅ አስረዳ። ይህንን ምት ለመስማት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት የተላጡ የሽቦ ጫፎች በውኃው ውስጥ ነክረው ከአንድ በባትሪ ከሚሠራ የድምፅ ማጉያ ጋር ቢያገናኙት ዓሣው ይዘምራል። ለአንድ ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ የፊዚክስና የሥነ ሕይወት ትምህርት በአንድ ዕቃ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ዓሣው ግን ተጣይና ፈጥኖ አዳጊ ስለሆነ ከታየና ከተሰማ በኋላ ወደመጣበት ውኃ ቢመለስ ይሻላል፤ ይህም ከሌላ አገር ዓሣ ጋር ያልተቀላቀለ ሲሆን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አየር የሚተነፍስ ዓሣ ከመታፈን ይድናል እንጂ ከአሞኒያ አይድንም። መብራት በጠፋ ጊዜ ዓሦቹ እየወጡ አየር ይስባሉ፤ በማጣሪያው በርሜል ውስጥ የተዘጉት ባክቴሪያዎች ግን ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። መብራት ሲመለስ ፓምፑን ወዲያው መክፈት ያንን የሞተ ውኃ በዓሦቹ ላይ መድፋት ነው። ስለዚህ መብራት ለረጅም ሰዓት ከጠፋ በመጀመሪያ የበርሜሉ ውኃ ይደፋል፤ ስፖንጁ ከሣጥኑ በተቀዳ ውኃ ይታለባል፤ ከዚያ ፓምፑ ይከፈታል። በእነዚያ ቀናት ምግብ አይሰጥም። ፖሊፕቴረስ ለሳምንት ቢጾም አይጎዳም። በጥሩ ጊዜ በየሳምንቱ ከውኃው አንድ አምስተኛውን መለወጥ፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትል ወይም የተከተፈ ዓሣ መስጠት በቂ ነው። ከሚሞቱት የሣጥን ዓሦች ብዙዎቹ የሚሞቱት ከባለቤታቸው ቸርነት የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን ከሣጥኑ ወደ ወንዙ የሚሄደው ነው። እምቦጭ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው ለአበባው ውበት በኩሬና በገንዳ በተከሉት ሰዎች እጅ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታየ፤ በባሮና በሶባት ውኃዎችም ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ ጣና ላይ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቃል። ጋምቤላ ላይ የቆመ የባሕር ሣጥን ቢሞት ጉዳቱ የባለቤቱ ብቻ ነው፤ የኮራል ዓሣ በባሮ አይኖርምና። ከሌላ አገር ሞቃት ወንዝ የመጣ የሣጥን ዓሣ ወይም ተክል ግን በባሮ ውስጥ ሊኖር፣ ሊዋለድና በሽታውንም ሊያዛምት ይችላል። ወርቃማ ዓሣ ሰልችቶት ከድልድዩ ላይ የሚለቅ ልጅ ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል። ስለዚህ በባሮ ዳር በቆመ ቤት የሌላ አገር ዓሣ አለማኖር፣ የሣጥኑን እጣቢ ወደ ቦይ ሳይሆን ወደ ዛፍ ሥር መድፋት፣ የሞተውንም መቅበር ይገባል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ መኖሩንም መዘንጋት አይገባም፤ ዓሣ የሚሰበስብ ሰው አስቀድሞ የክልሉን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ይጠይቅ፤ በጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ከሆነም የፓርኩን ጽሕፈት ቤት።

ከመሰብሰብም በፊት አጥማጁን መጠየቅ ይጠቅማል። የትኛው ዓሣ በየትኛው ወር ከየትኛው ሣር ሥር እንደሚገኝ፣ የትኛው ጎጆውን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ውኃው ሲጎድል በሜዳው ላይ በሚቀሩት ትንንሽ ኩሬዎች ውስጥ የሚኖር፣ ኩሬው ሲደርቅ እርሱ የሚሞት፣ እንቁላሉ ግን በጭቃው ውስጥ ቀጣዩን ዝናም የሚጠብቅ ኖቶብራንኪየስ የተባለ የጣት ግማሽ የማያህል ዓሣ አለ፤ ኑባኤንሲስ የተባለው ዓይነት ከሱዳንና ከኢትዮጵያ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ለሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ለእርሱ 800 ሊትር አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ የሚያህል ሣጥን ይበቃዋል።

ሣጥኑ ከቆመ በኋላ አጠገቡ አንድ ደብተርና አንድ ቴርሞሜትር ይቀመጥ። በደብተሩ ላይ በየቀኑ በጥዋት፣ በቀትርና በማታ የውኃው ሙቀት ይጻፍ፤ ከጎኑም በአንድ ሰዓት ውስጥ አንዱ ዓሣ ስንት ጊዜ አየር ለመሳብ ብቅ እንዳለ ይቆጠር። ውኃው ሲሞቅ ቁጥሩ ሲጨምር ይታያል፤ ማጣሪያው ሲዘጋም ከማንኛውም መሣሪያ ቀድሞ ይኸው ቁጥር ይናገራል። ከመስከረም እስከ መስከረም የተጻፈ እንዲህ ያለ ደብተር በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ቢወጣ ቦታ አያጣም። መብራት በጠፋበት ሌሊት ግን ለመቁጠር ሲባል በባትሪ ብርሃን ዓሦቹን ማስደንገጥ አያስፈልግም። ሳምባ ዓሣ አየር ሲስብ ድምፁ በጨለማ ይሰማል።